ሳይቃጠል በቅጠል፤ በኮምቦልቻ ስለ ፋብሪካ ኬሚካል ቁጥጥር

አገር በእርሻ ብቻ ሳይሆን በፋብሪካም ጭምር እንድትለማ የማይመኝ ሰው የለም። ነገር ግን ማናቸውም ልማት ከጥቅሙ ጋራ የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። ዕዳውን አስቀድሞ ያወቀ ሕዝብ በጥቂት ድካም ይከፍለዋል፤ ያላወቀው ግን ከነወለዱ ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ስለዚህ ነው። እሳት ገና ሲጀምር በአንድ እፍኝ ቅጠል ተመትቶ ይጠፋል፤ ጣራውን ከያዘ በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ቤቱን ማዳን ያስቸግረዋል። ይህ ቃል ለእሳት ብቻ ሳይሆን፥ ፋብሪካዎች ለሥራቸው ለሚያስገቧቸው ኬሚካሎችም የሚስማማ ነው። ለዚህም በወሎ ከኮምቦልቻ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርስዋ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ በ1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለችው ከኮምቦልቻ ይደርሳል። ውኃውም ከመንገደኛው ጋራ ይወርዳል። ከደሴ አካባቢ ተራሮች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ፥ ለዮሌና ወርቃ የተባሉትንም ወንዞች ተቀብሎ፥ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይገባል። በዚህ ውኃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ፤ በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቱን ወደ ጨፋ የሚነዳ የአፋር፥ የኦሮሞና የአማራ አርብቶ አደር አለ፤ ልብስ የምታጥብ እናት፥ ገላውን የሚታጠብ ልጅም አለ። እንግዲህ በላይ በወንዙ ላይ የተጣለው ነገር የላይኛው ከተማ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የጣለውን ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ይደርሳል።

ኮምቦልቻ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተሠራ። ከዚህም ሌላ የቆዳ፥ የብረታ ብረትና ቆርቆሮ፥ የሥጋና የቢራ ፋብሪካዎች አሉባት። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ተከፈተ። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ እዚሁ ይደርሳል፤ ደረቅ ወደብም ተቋቁሞላታል። እነዚህ ሁሉ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በከተማዪቱ ላይ ብዙ ጉዳት ካደረሰ በኋላ የፋብሪካ በር ተከፍቶ ማየት ለሕዝቡ ትልቅ ደስታ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ነገር የሚነገረው ፋብሪካ ይዘጋ ለማለት አይደለም፤ ፋብሪካውም ሕዝቡም አብረው እንዲኖሩ ነው እንጂ።

ፋብሪካ ያለ ኬሚካል አይሠራም። ጥጡን ለማንጣት ኮስቲክ ሶዳና ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ፥ ጨርቁንም ለማቅለም ልዩ ልዩ ቀለም ያስፈልጋል። የቢራው ጠርሙስ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ ብረቱ አስቀድሞ በአሲድ ይጠራል፤ ቀጥሎም በቀለጠ ዚንክ ይለበጣል። ከሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ዓይነት ኬሚካል የሚፈልገው የቆዳ ሥራ ነው። ብራና የሚያዘጋጅ ሰው ቆዳውን በውኃ ዘፍዝፎ፥ በመወጠሪያ ወጥሮ፥ በመፋቂያ ይፍቀዋል፤ የሚደፋውም እጣቢ ጥቂት ነው። በፋብሪካ ግን የቆዳው ጠጕር በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይረግፋል፤ ከዚያም ቆዳው በጨውና በሰልፈሪክ አሲድ ይዘጋጃል፤ በመጨረሻም በክሮሚየም ጨው ይለፋል። ይህም በቀን በብዙ ቆዳ ላይ የሚደረግ ነው።

ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ለየብቻቸው ሲሆኑ የሚያገለግሉ፥ ሲገናኙ ግን የሚገድሉ ናቸው። ሶዲየም ሰልፋይድ ከአሲድ ጋራ ሲቀላቀል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ጥቂት ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው አይታወቅም፤ ሰውንም በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መጋዘን አጠገብ ለአጠገብ ማኖር፥ ወይም የሁለቱን እጣቢ በአንድ ቦይ መልቀቅ፥ በሠራተኛ ሕይወት መጫወት ነው። በበርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ተልጦ ከሆነ፥ ወይም ሠራተኛው በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ከሆነ፥ ተሸካሚው ምን እንደ ተሸከመ ሳያውቅ ይሸከማል። የመጀመሪያው ጥፋት የሚደርሰው እንግዲህ በወንዙ ላይ ሳይሆን በግቢው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከግቢው የሚወጣው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚጨመርለት ክሮሚየም የሚይዘው ከመቶው 60 እስከ 70 ያህሉን ነው፤ የቀረው ከእጣቢው ጋራ ይፈሳል። ክሮሚየምም ሁለት መልክ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ሦስተኛ ደረጃ የተባለው ጕዳቱ ቀለል ያለ ነው፤ ስድስተኛ ደረጃ የተባለው ግን ቆዳን የሚያቈስል፥ በትንፋሽ ሲገባም የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣ ነው። አንዱም ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል፤ ይልቁንም የቆዳ ፋብሪካ ጥራጊ በእሳት ሲቃጠል ቀላሉ ወደ ክፉው ይለወጣል። እንግዲህ ኬሚካሉን በስሙ ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ በምን መልክ እንደ ገባ፥ በምን መልክ እንደሚወጣ፥ የት እንደሚያርፍም ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር በኮምቦልቻ በግምት የሚነገር አይደለም፤ ተለክቶ የታወቀ ነው። እስክንድር ዝናቡ የተባሉ ተመራማሪ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ክረምት ከአምስት ፋብሪካዎች የሚወጣውን እጣቢና የሚቀበሉትን ሁለት ወንዞች መረመሩ፤ ውጤቱም በ2010 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከቆዳው ፋብሪካ በሚወጣው እጣቢ ውስጥ የተገኘው ክሮሚየም መካከለኛ ልኩ በ1,000 ሊትር 26.6 ግራም ነበር። ለቆዳ ፋብሪካ እጣቢ በኢትዮጵያ የተወሰነው ወሰን ግን በ1,000 ሊትር 2 ግራም ነው፤ ይህም ማለት ከወሰኑ ዐሥራ ሦስት እጥፍ አለፈ። ብረት ከሚሠራው ፋብሪካ የወጣው ዚንክ ደግሞ በ1,000 ሊትር 155.75 ግራም ሆነ፤ ይህም ከወሰኑ እጅግ ያለፈ ነበር። የቢራው፥ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፋብሪካዎች እጣቢ ግን በተመረመሩት ብረታ ብረቶች በኩል ከወሰኑ አላለፈም፤ ለእውነት ሲባል ይህም መነገር አለበት።

ወንዙስ እንዴት ሆነ? በለዮሌ ወንዝ ከፋብሪካው በላይ ባለው ስፍራ ክሮሚየሙ በ1,000 ሊትር 0.051 ግራም ነበር። እጣቢው ከሚቀላቀልበት ስፍራ በታች ግን 2.66 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ይህም 52 እጥፍ መጨመር ነው። ዚንኩም ከ0.11 ወደ 0.52 ግራም አደገ። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የክሮሚየም ልክ በ1,000 ሊትር 0.05 ግራም መሆኑን ያሰበ ሰው፥ ነገሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ያለ ሌላ አስረጂ ይረዳዋል። ደግሞም ልኬቱ የተደረገው በክረምት፥ ማለት ወንዝ በሚሞላበትና ውኃው የተጣለበትን በሚያቀጥንበት ጊዜ እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል።

እነዚህ ቍጥሮች የዚያን ጊዜ ናቸው፤ ስለ ዛሬው ውኃ የሚመሰክረው የዛሬ ልኬት ብቻ ነው። ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ባለቀ ጊዜ የደረሱበት ፍርድ ሕግ ጐደለ የሚል አልነበረም፤ ሕጉ ተገቢ ሆኖ ሳለ የፋብሪካን እጣቢ ለመቈጣጠር ግልጥ የሆነ እርምጃ አልተወሰደም፥ ፋብሪካን የሚጋብዘውና አካባቢን የሚጠብቀው ሥራም አልተስማሙም የሚል ነበር እንጂ። ተመራማሪ መጥቶ ካልለካ በቀር የማይለካ ወንዝ ጠባቂ አለው አይባልም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፥ መርዙ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ለታሪክ ይጠቅማል እንጂ ከብቱን አያድንም።

ሕጉን በእውነት ለተመለከተው ሰው አገሪቱ በጽሕፈት በኩል ድኻ አይደለችም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 299፥ በአካባቢ ላይ ጕዳት ሊያመጣ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ጕዳቱ እንዲገመገም አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ አካባቢን መበከልን ከለከለ፤ የበከለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ዋጋ እንዲከፍል አደረገ፤ አደገኛ ኬሚካል የሚያዘጋጅ፥ የሚያከማች ወይም የሚያከፋፍል ሰውም ኬሚካሉ የተመዘገበ፥ በደንብ የታሸገና ምልክት የተደረገበት እንዲሆን አስገደደ። የአካባቢ ተቈጣጣሪም አስቀድሞ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠይቅ ወደ ፋብሪካ ግቢ እንዲገባ ሥልጣን ሰጠ። በ2001 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቍጥር 159 የፋብሪካን ብክለት ስለ መከላከል ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን ስለ መያዝና ስለ ማስወገድ ዐዋጅ ቍጥር 1090 ወጣ። እንግዲህ የጐደለው ዐዋጅ አይደለም፤ ዐዋጁን ከመጋዘኑ በር የሚያደርስ እግርና የሚመዝን እጅ ነው።

ለተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 674 መንገዱን ያሳያል። በዚህ ዐዋጅ መሠረት የተባይ መድኃኒት ፍቱንነቱና ጕዳት አልባነቱ ሳይመረመር አይመዘገብም፤ ሳይመዘገብም ወደ አገር አይገባም። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። ቀድሞ ለአንበጣና ለሌላ ተባይ ተብሎ በልዩ ልዩ ጊዜ የገባ መድኃኒት ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ፥ በርሜሉ ዝጎ ወደ መሬት ይፈስ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከዚህ ክምችት ከ1,000 ቶን የበለጠው ተሰብስቦ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ በፊንላንድ አገር እንዲቃጠል ሆነ። አንድ ጊዜ ለመግዛት፥ ሁለተኛ ጊዜ ለማስወገድ ገንዘብ ወጣበት ማለት ነው። ለተባይ መድኃኒት የተሠራው በር ለቆዳው፥ ለጨርቁና ለብረቱ ፋብሪካ ኬሚካልም በዚያው ልክ ቢጠበቅ፥ ኮምቦልቻ የዚህን ትምህርት ዋጋ ዳግመኛ ባልከፈለች።

አንዳንድ ሰው «ኬሚካል ሁሉ መርዝ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሌላ አገር የሚሠሩበት ሁሉ ደግ ነው» ይላል። ሁለቱም አልመረመሩም። ጨው በልኩ ወጥ ያጣፍጣል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ያንኑ ወጥ የማይበላ ያደርገዋል። የደኅንነት ግምገማ የሚባለውም ልክን የመለየት ጥበብ ነው። መርማሪው አስቀድሞ የኬሚካሉን ባሕርይ ይጠይቃል፤ ያቃጥላልን? ይፈነዳልን? ነቀርሳ ያመጣልን? ቀጥሎ በምን ያህል መጠን እንደሚጐዳ ይመረምራል። ሦስተኛ ማን እንደሚነካው፥ በትንፋሽ ወይስ በውኃ እንደሚደርሰው፥ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቈይበት ያስተውላል። በመጨረሻም ይህን ሁሉ አጋጥሞ፥ ይግባ፥ አይግባ ወይም በዚህ ጥንቃቄ ይግባ ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ በሌላ አገር ጥሩ ማጣሪያ ላለው ፋብሪካ የተፈቀደ ኬሚካል፥ እጣቢው በቀጥታ ወደ ለዮሌ በሚወርድበት ስፍራ የተፈቀደ ነው ሊባል አይቻልም። ባሕርዩ አንድ ቢሆንም የሚነካው ሰውና የሚወርድበት መንገድ ልዩ ነውና።

ይህን ሳያደርግ የዘገየ አገር ምን እንደ ደረሰበት የጃፓን ታሪክ ያስተምራል። በሚናማታ ከተማ ያለው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን እጣቢ ለብዙ ዓመታት ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ዓሣውን የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸው ጠበበ፤ እናቶችም አካለ ጐዶሎ ልጆች ወለዱ። ሕመሙ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ መንግሥቱ ምክንያቱ የፋብሪካው እጣቢ መሆኑን ያመነው ግን በ1968 ነው። በመካከሉ 12 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ማስረጃ እንዲያቀርብ የተገደደው የታመመው ነበር፤ ጣዩ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያጸናው ሕግ ይህን አገላብጦ፥ የኬሚካሉን ጠባይ አጥንቶ የማስረዳት ሸክም በሚሠራውና በሚያስገባው ነጋዴ ላይ ጫነ። ጠባዩ ያልታወቀ ዕቃ በገበያ አይሸጥም ማለት ነው።

ጥብቅ ቁጥጥር ፋብሪካን ያደኸያል፥ ባለ ገንዘብንም ያባርራል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ነገሩ ሲመረመር ግን ተቃራኒው ሆኖ ይገኛል። ከእጣቢው ጋራ የሚፈሰው ክሮሚየም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። እጣቢውን ለይቶ ሰብስቦ፥ ክሮሚየሙን አዝቅጦ፥ መልሶ ለሥራ ማዋል የታወቀ ዘዴ ነው። ደግሞም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2015 ጀምሮ የሰው ገላ የሚነካ የቆዳ ዕቃ በአንድ ኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም የበለጠ ስድስተኛ ደረጃ ክሮሚየም ካለበት ከገበያ ከልክሏል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ያልተመረመረ ኬሚካል በሌላ አገር ወደብ ይመረመራል፤ ያን ጊዜም የሚመለሰው ቆዳው ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ስም ጭምር ነው። ጭነቱ ከዚያ ከሚመለስ፥ ምርመራው እዚህ ቢቀድም ይሻላል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ከበሩ ነው። በጉምሩክ የተቀመጠው ሹም ለእያንዳንዱ ጭነት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ ምንድር ነው? ምን ያህል ነው? ሲያልቅ ትራፊው ወዴት ይሄዳል? መልሱንም በአንድ መዝገብ ጽፎ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ያስተላልፍ። ተቈጣጣሪውም የገባውን ከወጣው ጋራ ያመዛዝን። የመቶ በርሜል ክሮሚየም ገብቶ የሰባ በርሜሉ በቆዳው ላይ ከታየ፥ ሠላሳው የት እንደ ገባ ባለቤቱ ይመልስ። የከተማው ሹም በበጋም በክረምትም ከፋብሪካው በላይና በታች ውኃውን እያስለካ ቍጥሩን ለሕዝብ ያስታውቅ። ፋብሪካ የሚያድሰውም ሰው ማጣሪያውን ከመኪናው ጋራ ያድስ፤ መኪናው ዛሬ ማጣሪያው ከርሞ አይባል።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም፥ የመስጊድ መምህራንም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ለጥምቀት ወደ ውኃ የሚወርደውም፥ ለሶላት ውዱእ የሚያደርገውም ሕዝብ ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል። ሹም በዐዋጅ ከሚናገረው ይልቅ መምህሩ የሚመክረው ቶሎ ወደ ቤት ይገባል። የኬሚካል በርሜልና ጀሪካን ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ፥ ለጠላ ወይም ለእህል መያዣ እንዳይሆን ያስተምሩ። የፋብሪካ ጥራጊ ለማገዶ እንዳይወሰድ ይንገሩ። ደግሞም ዐዋጅ ቍጥር 300 ለማንም ሰው የሰጠውን መብት ያስታውቁ። ብክለት ያየ ሰው እርሱ ራሱ ባይጐዳ እንኳ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ሊል ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፥ በ60 ቀን ውስጥ ጕዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል። ይህን መብት የሚያውቅ የከሚሴ ገበሬ ወይም የጨፋ ከብት ጠባቂ በላይኛው ከተማ የሚሠራውን እየሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፥ ከኮምቦልቻም ወደ ቈላ ሲወርድ ማንንም ሳይመርጥ ያጠጣል፤ የሰጡትንም ሳይመርጥ ተሸክሞ ይሄዳል። ውኃ ራሱን አይመረምርም፤ መመርመር የሰው ፈንታ ነው። ቅጠሉ ዛሬ በሹማምንቱና በባለ ፋብሪካዎቹ እጅ ነው፤ እሳቱም ገና በበሩ ላይ ሳለ ሊመታ ይችላል። መዝገብ፥ ሚዛንና የታመነ ተቈጣጣሪ ከብዙ ወጪ የሚቈጠሩ አይደሉም፤ ያለ እነርሱ የሚመጣው ዕዳ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሕጉ ተጽፏል፤ ልኩም ታውቋል። የቀረው በየበሩ ቆሞ መጠየቅ ነው።